አሲትሊን ወይስ ቡታጋዝ? ውስጥ ወይስ ውጭ? ለአነስተኛ ብየዳ ቤት የሲሊንደር ምርጫ

ብየዳ ቤት የሚከፍት ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋ ነው። ኦክስጅን ስንት ይሞላል? ግፊት የሚቀንሰው ሬጉሌተር ኦርጅናል ነው? ሲሊንደሩ የት ይቆማል፣ በምን ይመጣል፣ ቢያፈስስ ጋዙ ወዴት ይሄዳል ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ዕቃው ከተገዛ በኋላ ባዶ ጥግ ይፈለግና እዚያ ተደግፎ ይቀራል። እኔ ቅደም ተከተሉ ይገልበጥ ባይ ነኝ። መጀመሪያ ቦታችሁን እዩ። ከዚያ ጋዙን ምረጡ።

ይህን የምጽፈው በሼድ፣ በኮንቴይነር ወይም በግቢ ጥግ ለሚሠሩ በያጆችና ጋራዦች ነው። ሰፊ ግምጃ ቤትና የደህንነት ክፍል ያለው ትልቅ ፋብሪካ የራሱ ደንብ አለው። ሁለት ሦስት ቦምቦላ ይዞ ሦስት ልጆች የሚያሠራ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ምክሩን የሚያገኘው ከጎረቤት ነው። ጎረቤቱ ደግሞ የለመደውን ይነግረዋል።

አሲትሊን ወይስ ቡታጋዝ

ብረት ለመቁረጥና ለማሞቅ ከኦክስጅን ጋር የሚነድ ሌላ ጋዝ ያስፈልጋል። ምርጫው በአብዛኛው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው።

ከሥራው እንጀምር። አሲትሊን ከኦክስጅን ጋር ሲነድ ነበልባሉ 3,100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይደርሳል። ቡታጋዝ የፕሮፔንና የቡቴን ድብልቅ ነው፤ የፕሮፔኑ ነበልባል 2,800 አካባቢ ነው። በአሲትሊን ብረትን ከብረት አቅልጦ መበየድ ይቻላል። በቡታጋዝ ብረት መበየድ አይሆንም። ለመቁረጥ፣ ለማጠፍ ብረት ለማጋል፣ በነሐስ ለመበየድ ግን ከበቂ በላይ ነው። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ብየዳ ማሽን ካላችሁና ጋዝ የምትፈልጉት ለመቁረጥ ብቻ ከሆነ አሲትሊን የግድ አይደለም።

ቡታጋዝ ይረክሳል ይባላል። እውነት ነው፤ ግን ሙሉው ሒሳብ አይደለም። አንድ እጅ አሲትሊን በትክክለኛ ነበልባል ለመንደድ ነበልባሉ ከሚወጣበት ቶርች የሚፈልገው ኦክስጅን አንድ እጅ ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ፕሮፔን አራት እጅ ያህል ይፈልጋል። ይህ ማለት የኦክስጅን ሲሊንደራችሁ ቶሎ ቶሎ ያልቃል። ቶሎ ካለቀ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ይጫናል፣ ይወርዳል፣ ይንከባለላል፣ ይቀየራል። አደጋ የሚበዛው ደግሞ ሲሊንደር ሲንቀሳቀስ ነው። ዋጋ ስታወዳድሩ ይህንንም አስገቡት።

አሁን ወደ ጠባዩ እንምጣ። እዚህ ላይ ሁለቱ በጣም ይለያያሉ።

ቡታጋዝ ከአየር ይከብዳል። ፕሮፔኑ አንድ ተኩል እጥፍ፣ ቡቴኑ ሁለት እጥፍ ገደማ ነው። ሲያፈስስ ወለል ለወለል እየተሳበ ዝቅ ያለ ቦታ ይፈልጋል። ጋራዥ ውስጥ ከመኪና ሥር ለመሥራት የተቆፈረ ጉድጓድ ካለ እዚያ ይተኛል። የውሃ መውረጃ ቱቦ ካለ እዚያ ይገባል። ምድር ቤት ካለ ይወርዳል። ሽታው አፍንጫ ጋ ሳይደርስ ከእግር በታች ሊጠራቀም ይችላል። ግቢያችሁ ዝቅ ያለና ጉድጓድ ያለበት ከሆነ ቡታጋዝ ለእናንተ አይደለም። ወይም ሲሊንደሩ ከጉድጓዱ ርቆ ውጭ መቆም አለበት።

አሲትሊን ከአየር ትንሽ ይቀላል። ወደ ላይ ስለሚወጣ ጣሪያው ሥር ክፍት ቦታ ካለ ይበተናል። ይህ ጥሩ ጎኑ ነው። መጥፎ ጎኑ ግን ብዙ ነው። ቡታጋዝ የሚቀጣጠለው በአየር ውስጥ ከ2 እስከ 9 በመቶ ገደማ ሲሆን ነው፤ ከዚያ ካነሰም ከበዛም አይነድም። አሲትሊን ግን ከ2.5 በመቶ ጀምሮ እስከ 80 በመቶና ከዚያም በላይ ይቀጣጠላል። በዝቶ ከመቀጣጠል የሚያመልጥበት ልክ የለም ማለት ይቻላል።

ሌላም አለ። አሲትሊን እንደ ኦክስጅን በባዶ ብረት ውስጥ ታጭቆ አይቀመጥም። በራሱ ሲታመቅ ያለ ኦክስጅንም፣ ያለ እሳትም ሊፈነዳ የሚችል ጋዝ ነው። ስለዚህ ሲሊንደሩ ቀዳዳ በበዛበት ደረቅ ነገር ይሞላል፤ በዚያ ውስጥ አሴቶን የሚባል ፈሳሽ ይጨመራል፤ ጋዙ በአሴቶኑ ውስጥ ሟሙቶ ይቀመጣል። ሬጉሌተር ላይ ግፊቱን ከ1 ባር (15 ፒኤስአይ) አታሳልፉት የሚባለውም ለዚህ ነው። ሲሊንደሩን አስተኝታችሁ ከሠራችሁ አሴቶኑ ከጋዙ ጋር ይወጣል። ነበልባሉ ይበላሻል፤ ጎማውና ሬጉሌተሩ ይጎዳሉ፤ ከሁሉ የሚብሰው ግን ሲሊንደሩ ውስጥ የቀረው ጋዝ የሚሟሟበት ማጣቱ ነው።

ትልቅ የማሞቂያ አፍ የምትጠቀሙም ተጠንቀቁ። ከአንድ የአሲትሊን ሲሊንደር በሰዓት መሳብ የሚገባው ከይዘቱ አንድ ሰባተኛ ድረስ ነው፤ አሁን አንድ አሥረኛ የሚሉ አምራቾችም አሉ። 5 ሜትር ኩብ የያዘ ከሆነ በአንድ ሰባተኛው ሒሳብ 700 ሊትር ገደማ ይሆናል። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ሥራ ካላችሁ ወይ ሁለት ሲሊንደር ማገናኘት፣ ወይ ለማሞቁ ሥራ ወደ ቡታጋዝ መሄድ ነው።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው። መቁረጥና ማጋል ብቻ ከሆነ ሥራችሁ፣ ግቢያችሁም ደልዳላና ነፋስ የሚያገኝ ከሆነ ቡታጋዝ ይሻላል። በጋዝ መበየድ ካለባችሁ አሲትሊን ውሰዱ፤ ግን ሕጉን ሁሉ ይዛችሁ ውሰዱት። ካርባይድ በውሃ እያራሱ አሲትሊን የሚያመነጩበት በርሜል ርካሽ ሦስተኛ መንገድ ሆኖ ሊቀርብላችሁ ይችላል። እኔ አልመክረውም። ግፊቱን የሚቆጣጠረው የሠሪው ብልሃት ነው፤ ካርባይዱም እርጥበት ባገኘው ቁጥር ማንም ሳይጠይቀው ጋዝ ያወጣል።

አንድ ማሳሰቢያ። ከአሲትሊን ወደ ቡታጋዝ ስትዞሩ ሲሊንደሩን ብቻ አትቀይሩ። የመቁረጫው አፍ ሌላ ነው። ጎማውም ሌላ ነው፤ የአሲትሊን ጎማ በቡታጋዝ ይጎዳል። የቤት ምድጃ ሬጉሌተርም ለዚህ ሥራ አይሆንም። ግፊቱ አነሰ ተብሎ ሬጉሌተሩ ተነቅሎ ጎማ በሽቦ የሚታሰርበትን ቦታ ካያችሁ ከዚያ ራቁ።

የት ይቁም

ሦስት ምርጫ አለ፤ ከምትሠሩበት ክፍል ውስጥ፣ ኮንቴይነር ውስጥ፣ ወይም ውጭ በወንፊት ሽቦ አጥር።

ኮንቴይነር ብዙ ሰው የሚወደው ስለሚቆለፍ ነው። ሲሊንደር ውድ ነው፤ ስርቆት ያሳስባል፤ ይገባኛል። ግን ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር 33 ሜትር ኩብ ያህል አየር ይይዛል። አሲትሊን በ2.5 በመቶ መቀጣጠል ይጀምራል። የ33 ሜትር ኩብ 2.5 በመቶ 825 ሊትር ነው። 5 ሜትር ኩብ ከያዘ ሲሊንደር አንድ ስድስተኛው ማለት ነው። ቫልቩ በደንብ ሳይዘጋ ካደረ ይህን ያህል በአንድ ሌሊት ሊወጣ ይችላል። በቡታጋዝም ቢሆን አንድ ኪሎ ተኩል አይሞላም። ጠዋት አንድ ልጅ በሩን ከፍቶ መብራት ያበራል። የመብራቱ ማብሪያ የሚረጨው ጥቃቅን ብልጭታ ይበቃል። ስለዚህ ኮንቴይነር ከሦስቱ የመጨረሻው ነው። ሌላ አማራጭ ከሌላችሁ ከታችም ከላይም፣ በሁለት ፊት ለፊት ጎን ሰፋ ያለ ቀዳዳ አስበሱለት። የኤሌክትሪክ መስመሩንም አውጡት።

የሥራ ክፍል ውስጥ ማቆም ምቹ ነው። ግን ብረት ሲሞርድ ብልጭታ የሚረጨው ግራይንደር እዚያ ነው፤ የኤሌክትሪክ ብየዳው እዚያ ነው፤ ዘይትና ግሪስም እዚያ ነው። ውስጥ መቆም ያለበት በዚያ ቀን የሚሠራበት ጥንድ፣ አንድ ኦክስጅንና አንድ የሚነድ ጋዝ፣ ብቻ ነው። ትርፉ፣ ሙሉውም ባዶውም፣ ይውጣ።

ውጭ፣ በወንፊት ሽቦ የታጠረ፣ ከላይ ቆርቆሮ ያለው፣ ቁልፍ ያለው ቦታ ከሦስቱ የመጀመሪያው ነው። ያፈሰሰው ጋዝ ይበተናል፤ ሌባም አይገባም። በላሜራ ደፍናችሁ ከሠራችሁት ግን ትንሽ ኮንቴይነር ሠራችሁ ማለት ነው። ወለሉ ሲሚንቶ ሆኖ ከመሬት ከፍ ይበል፤ በክረምት ውሃ ከተኛበት የሲሊንደሩ ቂጥ ከሥር ይዝጋል፤ ዝገቱም ከላይ አይታይም። ፀሐይም ቀጥታ አይምታው። ሲሊንደር ከ52 ዲግሪ በላይ እንዲሞቅ አይፈቀድም። አዲስ አበባ ላይ ይህ የሚያስቸግረው እሳት ወይም ማሞቂያ አጠገብ ሲቆም ነው። ድሬዳዋ ወይም ሰመራ የምትሠሩ ግን ጥላው የግድ ነው። ከ15 ወደ 50 ዲግሪ ሲሞቅ የኦክስጅን ግፊት 12 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የፕሮፔን ግን ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ለቡታጋዙ ጥላው ይበልጥ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

ውጭም ቢሆን ኦክስጅንና የሚነድደው ጋዝ ጎን ለጎን አያድሩም። አሜሪካኖቹ በሥራ ደህንነት ደንባቸው ቁርጥ ያለ ልክ አስቀምጠዋል። ወይ 6 ሜትር ይራራቁ፣ ወይ በመካከላቸው 1.5 ሜትር ከፍታ ያለው፣ የማይነድና እሳት ለግማሽ ሰዓት የሚችል ግድግዳ ይቁም። ጠባብ ሼድ ውስጥ 6 ሜትር ከየት ይመጣል? ስለዚህ ግድግዳውን ምረጡ። ጥቂት ብሎኬትና ሲሚንቶ ነው። ከአንድ ሬጉሌተር ዋጋ ጋር አወዳድሩት፤ ብዙ የሚያሳስብ ወጪ አይደለም።

ኦክስጅን "አየር" አይደለም

ሰው አሲትሊንን ይፈራል፤ ኦክስጅንን አይፈራም። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

ኦክስጅን ራሱ አይነድም፤ ሌላውን ግን ያነድዳል። የምንተነፍሰው አየር 21 በመቶ ኦክስጅን ነው። 23 በመቶ ካለፈ አደገኛ ይባላል፤ ልብስም ፀጉርም እንደ ክብሪት ይያያዛል። አንድ የማውቀው ግቢ ውስጥ ረዳቱ ልጅ ማታ ሥራ ሲጨርስ የቱታውን አቧራ በኦክስጅን ጎማ ያራግፍ ነበር። ፊቱንም በዚያው ያቀዘቅዛል። ደስ ይለዋል፤ ቀዝቃዛ ንፋስ ነው። ማንም አልከለከለውም፣ ሁሉም ሲያደርገው ነው ያየው። ኦክስጅኑ ግን ጨርቁ ውስጥ ገብቶ ይቆያል። ያ ልጅ ቱታውን ለብሶ ሲጋራ ቢለኩስ ወይም ከግራይንደር የፈናጠረ ብልጭታ ቢያገኘው ምን እንደሚሆን አስቡት። ጎማ ለመንፋት፣ ቀለም ለመርጨት፣ አቧራ ለማራገፍ ኮምፕረሰር ነው የሚሠራው። ኦክስጅን ምትኩ አይደለም።

ሁለተኛው ዘይት ነው። የኦክስጅን ቫልቭ ወይም ሬጉሌተር ሲጠብቅ ግሪስ ወይም የሞተር ዘይት የሚቀባ አለ። 150 ባር የታመቀ ኦክስጅን ዘይት ሲያገኝ ያለ ክብሪት ይቀጣጠላል። መኪና ሲፈታ የዋለ እጅ፣ ዘይት የነካው ጓንት፣ ግሪስ ያለው መፍቻ ኦክስጅን ቫልቭ አይነካም። ጋራዥ ከሆናችሁ ለኦክስጅኑ ብቻ የሚሆን አንድ ንጹሕ መፍቻና አንድ ንጹሕ ጨርቅ ለይታችሁ ስቀሉ።

ሲከፈትም እንዲህ ነው። የሬጉሌተሩ መቆጣጠሪያ ብሎን እስኪላላ ይፈታል። ሰውየው ከሬጉሌተሩ ፊት ሳይሆን ወደ ጎን ይቆማል። ከዚያ ቫልቩን በጣም ቀስ ብሎ ይከፍታል፤ የግፊት መለኪያው ቀስት ዝግ ብሎ ሲወጣ እያየ። በአንዴ ቢበረግደው ወደ ሬጉሌተሩ የሚወረወረው ጋዝ እዚያ ያገኘውን ጋዝ ጨምቆ ያግለዋል። ውስጥ ቆሻሻ ወይም ዘይት ካለ ሬጉሌተሩ ራሱ ይነዳል። ቀስቱ ከቆመ በኋላ የኦክስጅኑ ቫልቭ እስከ መጨረሻው ይከፈታል። አሲትሊን ግን እስከ መጨረሻው አይከፈትም፤ ከአንድ ዙር ተኩል አያልፍም። መክፈቻውም ሥራ እስኪያልቅ ከቫልቩ ላይ አይነሳም፤ እሳት ከተነሳ የሚፈለገው እሱ ነውና።

ሰንሰለት ወይስ ጋሪ

ሁለቱም። የሚሠራበት ጥንድ በጋሪ ላይ፣ በሰንሰለት ታስሮ፤ የሚጠብቀው ደግሞ ግድግዳ ላይ በሰንሰለት። ሰንሰለቱ ከሲሊንደሩ ወገብ በላይ ይሁን። አንዱን ምረጡ ካላችሁኝ ሰንሰለት፤ ዋጋው ምንም ነው። ገመድ በእሳት ይበጠሳል፤ እሱን ተዉት።

ቫልቩን የሚሸፍነው ቆብ ግን ምርጫ የለውም። አንድ 40 ሊትር የኦክስጅን ሲሊንደር በ150 ባር 6,000 ሊትር ጋዝ ይይዛል፤ ክብደቱም 60 ኪሎ ገደማ ነው። ወድቆ ቫልቩ ቢሰበር ያ ሁሉ ግፊት በአንዲት ቀዳዳ ይወጣል፤ ብረቱም እንደ ሮኬት ይበራል። ብሎኬት አያቆመውም። ሬጉሌተር ካልተገጠመ ቆብ ይገጠማል፣ በቃ።

በምን ይምጣ

ባጃጅ፣ የታክሲ የኋላ ሻንጣ፣ ዳማስ፣ ፒካፕ። ሰው የሚያወዳድረው በኪራዩ ነው። እኔ የማወዳድረው ሹፌሩ የሚተነፍሰው አየርና ሲሊንደሩ ያለበት አየር አንድ ነው ወይ በሚለው ነው። ዝግ መኪና ውስጥ አንድ ነው። መንገድ ላይ ቢያፈስስ፣ ሹፌሩም ቢያጨስ፣ መውጫ የለም። ክፍት ፒካፕ ወይም ኢሱዙ ምረጡ። ሲሊንደሩ ቆቡን አድርጎ፣ ቀጥ ብሎ፣ ታስሮ ይምጣ። አሲትሊን የግድ ተኝቶ ከመጣ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት፤ ሳትቸኩሉ፣ ቢቻል አሳድራችሁ ነገ ሥሩበት።

ማውረዱ ላይ ደግሞ አሮጌ ጎማ አስቀምጦ ከመኪናው ላይ መጣል የተለመደ ነው። ጎማው ድምፁን ይቀንሰዋል እንጂ ሲሊንደሩን አይጠብቀውም። ነጥሮ ወዴት እንደሚወድቅም አይታወቅም። ሁለት ጠንካራ ጣውላና ሁለት ሰው ይሻላል። መሬት ላይ ለጥቂት እርምጃ ትንሽ አጋድሎ በቂጡ ጠርዝ ማንከባለል ይቻላል። ከዚያ ለሚርቅ ጋሪ ነው።

ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃ

መጀመሪያ የእሳት መመለሻ ማገጃውን ግዙ። ቶርቹ ሲዘጋ ወይም ግፊቱ ሲዛባ እሳት በጎማው ውስጥ ወደ ኋላ ሊሄድ ይችላል፤ ይህች ትንሽ ዕቃ እዚያው ታጠፋዋለች። ለሁለቱም፣ ለኦክስጅኑም ለሚነድደውም፣ ያስፈልጋል። ጥንዱን አንድ ቦታ ብቻ የምታስገጥሙ ከሆነ ሬጉሌተሩ ጋ ይሁን። ሲሊንደሩን የሚጠብቀው እዚያ ያለው ነው። ቶርቹ ጋ ያለው ሲጨመር ይሻላል፤ ብቻውን ግን አይበቃም።

ማፍሰሱን በክብሪት የሚፈትሽ አሁንም አለ። በአሲትሊኑና በቡታጋዙ በኩል በውሃ የተበጠበጠ ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል፤ አረፋ ከሠራ ያፈስሳል። በኦክስጅኑ በኩል ስብ ያለበት ሳሙና አይነካም፤ ለኦክስጅን የተሠራ መፈተሻ ፈሳሽ ይሁን።

ጎማ ስትገዙም በርካሽ ከመዳብ ቧንቧ የተሠራ ማገናኛ ከቀረበላችሁ ለአሲትሊን አትውሰዱ። አሲትሊን ንጹሕ መዳብ ሲነካ በትንሽ ንክኪ የሚፈነዳ ነገር ይፈጠራል። ለአሲትሊን ተብሎ የተሠራው ብቻ ይገጠም።

ሲሊንደሩ ራሱ ከጋለ

አሲትሊን ሲሊንደር በእሳት ከተነካ ወይም እሳት በጎማው ተመልሶ ከገባበት በውስጡ ያለው ጋዝ እየፈራረሰ ራሱን ሊያግል ይችላል። ከውጭ እሳቱ ጠፍቶም ከሰዓታት በኋላ ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ተሸክሞ ማውጣት የለም። ሁሉም ሰው ይውጣ፤ ግቢውንና ጎረቤቱን ባዶ አድርጉ፤ ለእሳት አደጋ ደውሉ፤ አዲስ አበባ ላይ 939 ነው። ሲመጡም መጀመሪያ የምትናገሩት "አሲትሊን አለ፣ እዚህ ጋ ነው የቆመው" ብላችሁ ነው። ሲሊንደሮቹ ሁልጊዜ የታወቀ አንድ ቦታ መቆማቸው እዚህ ላይ ይጠቅማል።

የራስ ሲሊንደር ወይስ የልውውጥ

የራሳችሁ ከሆነ ታሪኩን ታውቃላችሁ፤ ምርመራውንም የምታስደርጉት እናንተ ናችሁ። ልውውጥ ከሆነ፣ ማለትም ባዶውን ሰጥታችሁ የሞላ የምትቀበሉ ከሆነ፣ ምርመራው የሞላው ድርጅት ሥራ ነው፤ እናንተ ግን ማን ሲጠቀምበት እንደነበር አታውቁም። ሥራ ለሚጀምር ሰው ልውውጡ ይሻላል እላለሁ፤ ከሚታመን ቦታ እስከሆነና ስትቀበሉ እስካያችሁት ድረስ።

ስትቀበሉ በቀለሙ አትመኑ። ቀለም ከአገር አገር ይለያያል፤ እንደገናም ይቀባል። ጽሑፉን አንብቡ። ትከሻው ላይ የተመታውን የምርመራ ቀን ፈልጉ። ዙሪያውን በእጃችሁ ዳብሱ፤ የተጎረበጠ፣ የተጨረፈ፣ የኤሌክትሪክ ብየዳ ነጥብ ያረፈበት ከሆነ መልሱት። አንዳንዱ ሲሊንደርን እንደ ጠረጴዛ ተጠቅሞ ብረት ላዩ ላይ ይበይዳል፤ ያች ነጥብ ብረቱን አዳክማዋለች። ቂጡን አጋድላችሁ ዝገቱን እዩ። ቆቡ ከሌለ አትቀበሉ። የሚነድደው ጋዝ ማጠንከሪያው ወደ ግራ ይዞራል፣ የኦክስጅኑ ወደ ቀኝ። አልገባ ካለ በመዶሻ ወይም በሌላ ማገናኛ አታስገድዱት፤ ያመጡላችሁ የተሳሳተ ጋዝ ሊሆን ይችላል። ባዶውን ስትመልሱም ቫልቩን ዝጉት፣ ቆቡን ግጠሙለት፣ "ባዶ" ብላችሁ በጠመኔ ጻፉበት።